ፖርሽ በሱሉልታ፦ በግቢያችን የምንፈታውና የማንፈታው

በባሕር ጠለል ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ሱሉልታ ግን 91 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መንተክተክ ይጀምራል። ባቄላና ሽምብራ ምድጃ ላይ የሚቆዩብን ለዚህ ነው። ይህችን የዘጠኝ ዲግሪ ልዩነት በቁም ነገር እንድመለከታት ያደረገኝ ግን ድስት ሳይሆን መኪና ነው።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ2000 የተሠራች ፖርሽ 911 ናት። ፋብሪካው ይህንን ትውልድ 996 ብሎ ይጠራዋል። የቀድሞ ባለቤቷ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ ገዛኋት። ከመኪናዋ ጋር አንድ ወፍራም መመሪያ መጽሐፍ ተሰጠኝ፤ መጽሐፉ ጥሩ መጽሐፍ ነው፣ ነገር ግን የተጻፈው ለጀርመን መንገድ ነው። አቧራችንን፣ ቁልቁለታችንንና ስስ አየራችንን አያውቅም። እንዲህ ያለ መኪና ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ፈርቶ ምንም ሳይነካት ያቆማታል፣ ወይ ላገኘው ሁሉ ሰጥቶ ያስፈታታል። ሁለቱም ይገድሏታል። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ፣ ያለችው ከሞተች ምትክ አይመጣላትም። ስለዚህ ግቢዬ ውስጥ በእጄ የምሠራውንና የማልነካውን፣ ምክንያቱንም ጭምር ላብራራ።

ከውኃው ልጀምር። ከ996 በፊት፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ፣ የ911 ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነበር። 996 እ.ኤ.አ. በ1997 ሲወጣ ወደ ውኃ ተሻገረ። ሞተሩ ከኋላ፣ ራዲያተሮቹ ከፊት ናቸው፤ ስለዚህ ውኃው የመኪናዋን ርዝመት እየተመላለሰ ይዞራል፣ መጠኑም ከ20 ሊትር በላይ ነው። ቴርሞስታቱ ለውኃው መንገድ መክፈት የሚጀምረው በ83 ዲግሪ ነው። ከ83 እስከ 91 ያለው ስምንት ዲግሪ ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ። ሞተሩ በጤናው ጊዜ እንኳ ከ91 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል። ታዲያ ለምን አይፈላም?

የማይፈላው ታፍኖ ስለሚኖር ነው። በሞተሩ ክፍል ውስጥ ያለው የውኃ ማጠራቀሚያ ክዳን ተራ ክዳን አይደለም፤ ውስጡ ሞላና ጎማ ያለው የግፊት መቆጣጠሪያ ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ውኃው ይስፋፋል፣ ክዳኑ ግፊቱን ይይዛል፣ የታፈነ ውኃም ቶሎ አይፈላም። ክዳኑ ከአካባቢው አየር በላይ አንድ ባር ያህል ግፊት ቢይዝ፣ ሱሉልታ ላይ ንጹሕ ውኃ እንኳ እስከ 115 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ ይቆያል። ጎማው ደርቆ ግፊቱን ከለቀቀው ግን በባሕር ዳርቻ የሚኖር ባለመኪና ሳይታወቀው ሊያልፈው የሚችለው ጉድለት እዚህ ወዲያው ይፈላል። በዚህች መኪና ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የቀየርኩት ይህንን ክዳን ነው፤ ቅባትም ሆነ ክሪክ አልጠየቀኝም። ማጠራቀሚያው ራሱ ከፕላስቲክ የተሠራ በመሆኑ ሲያረጅ ቢጫ ይሆንና ይሰነጠቃል፤ ሞተሩ አካባቢ ጣፋጭ ሽታ ከሸተተዎት መጀመሪያ እዚያ ይመልከቱ። ክዳኑን ሞተሩ ትኩስ ሆኖ መክፈት ግን ፊትንና እጅን የሚልጥ አደጋ ነው፤ ሌሊቱን ቆማ ያደረች መኪና ላይ ብቻ ይክፈቱ።

ውኃ ሲጎድል የሚጨመረው የቧንቧ ውኃ መሆን የለበትም። የታሸገ የመጠጥ ውኃም አይሆንም፤ ሁለቱም ማዕድን አለባቸው፣ ማዕድኑም በጠባቡ መተላለፊያ ላይ እንደ ጀበና ቅርፊት ይጋገራል። የሚሆነው ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውኃ ነው፤ ከባትሪ አሲድ ጋር እንዳይምታታ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ ያንብቡ። እሱንም ከፀረ በረዶ ፈሳሹ ጋር እኩል በእኩል መቀላቀል ያስፈልጋል። ፀረ በረዶ ለእኛ አገር ምን ያደርጋል የሚል ሰው ብዙ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ የሱሉልታን ሜዳ አመዳይ ሲያለብሰው ያየ ሰው እንኳ ይህን ሲል ሰምቻለሁ። ፈሳሹ የመፍያውን ነጥብ ከፍ ያደርጋል፣ የአሉሚኒየሙን ሞተር ከዝገት ይጠብቃል፣ የውኃ ፓምፑንም ያለሰልሳል። ውኃውን ሙሉ በሙሉ መለወጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በረጅሙ ቧንቧ ውስጥ የሚቀረውን አየር ስቦ የሚያወጣ መሣሪያ ስለሚፈልግ እኔ በግቢዬ አልሞክረውም።

ራዲያተሮቹን ማጽዳት ግን የእርስዎ ሥራ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ጥቅም ያለው የግቢ ሥራም አላውቅም። በፊት ለፊቱ ፓራውልት ግራና ቀኝ ሁለት የአየር መግቢያ አፎች አሉ። ከእያንዳንዱ ኋላ መጀመሪያ የአየር ማቀዝቀዣው ኮንደንሰር፣ ከእሱ ኋላ የሞተሩ ራዲያተር ተደርድረዋል። አፎቹ ወደ መሬት የቀረቡና ሰፊ ስለሆኑ መኪናዋ ስትሄድ መንገድ ላይ ያለውን ሁሉ ትውጣለች። አውሮፓ ውስጥ የሚውጡት የመንገድ ዳር ዛፍ ቅጠል ነው፤ እዚህ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የላስቲክ ቁራጭና ሣር በሚታጨድበት በኅዳር ወር የሚበንነው ገለባ ነው። የገባው ነገር በሁለቱ መካከል ይቀረቀራል፣ ክረምት ሲመጣ ይረጥባል፣ ይበሰብሳል፣ ስሱን የኮንደንሰር አሉሚኒየምም ይበላዋል። ከውጭ ሲታይ ምንም የለም። መጀመሪያ የፈታሁ ቀን ከቀኙ ብቻ ሁለት እፍኝ ቅጠል አወጣሁ፤ ከሥር ያለው ጥቁር አፈር ሆኖ ነበር።

አሠራሩ ትዕግሥት እንጂ ልዩ ጥበብ አይፈልግም። ፓራውልቱን የያዙትን ብሎኖች ከላይ፣ ከሥርና ከጎማው ቤት በኩል በቅደም ተከተል ይፍቱ፤ እያንዳንዱን ብሎን ከፈቱበት ቦታ አንጻር በካርቶን ላይ ይሰኩት። ፓራውልቱን የሚቀበል ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል፣ አለዚያ ቀለሙ መሬት ላይ ይላጣል። የጎን መብራቶቹን ሽቦ ሳይነቅሉ አይጎትቱ። ከዚያ ኮንደንሰሩን ከራዲያተሩ ትንሽ አላቅቀው ቅጠሉን በእጅና በለስላሳ ብሩሽ ያውጡ፤ በመጨረሻ ከኋላ ወደ ፊት በዝግታ ውኃ ያፍስሱ። ላቫጆ ቤት ባለው ኃይለኛ ውኃ ማጠብ ስሶቹን የአሉሚኒየም ቅጠሎች አጣጥፎ የአየሩን መንገድ ለዘለቄታው ይዘጋዋል። እኔ ይህንን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሣሩ ታጭዶ ካለቀ በኋላ እሠራዋለሁ። ፓራውልቱ እንደተፈታም በመግቢያው አፎች ላይ ከውስጥ በኩል የአሉሚኒየም ወንፊት አሰርኩ። ለዚህች መኪና ከተደረጉላት ማሻሻያዎች ሁሉ ዋጋው ትንሹ፣ ጥቅሙ ትልቁ ይህ ነው። ቀዳዳው በጣም ጠባብ ከሆነ ራሱ አየር ይከለክላል፤ የጣት ጥፍር የሚያስገባ ያህል ይበቃል።

አሁን ወደ ፍሬን። ከሱሉልታ በእንጦጦ ትከሻ ዞሮ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርደውን ቁልቁለት የማያውቅ የሰሜን አዲስ አበባ ነዋሪ የለም። 1,400 ኪሎ የሚመዝን መኪና 500 ሜትር ከፍታ በፍሬን ብቻ ቢወርድ የሚፈጠረው ሙቀት ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ሙሉ ውኃ ከቀዝቃዛነቱ አንስቶ ለማፍላት ይበቃል። ያ ሁሉ ሙቀት በአራት የብረት ዲስኮችና በስምንት ሸራዎች ላይ ያርፋል፤ ከፊሉ በሸራው በኩል አልፎ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይደርሳል።

የፍሬን ዘይት ደግሞ አንድ ጠባይ አለው፤ ከአየር ውስጥ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ ደረጃው ያስገድዳል። 3.7 በመቶ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ይህም በባሕር ጠለል ላይ ነው፤ በእኛ ከፍታ ከዚያም ዝቅ ይላል። ዘይቱ ሲፈላ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። ዘይት አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። ስለዚህ እግር ፔዳሉን ሲረግጥ ኃይሉ ጎማው ዘንድ ሳይደርስ እንፋሎቱን ሲጨምቅ ይቀራል። መኪናዋን በገዛሁበት ዓመት ክረምት ላይ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሲወርድብኝ ምን እንደሆነ አላወቅሁም ነበር፤ ደጋግሜ ረግጬ፣ ማርሽ ወደ ሁለተኛ መልሼ ቆምኩ። በኋላ የወጣው ዘይት የወፈረ ሻይ ይመስል ነበር።

ፋብሪካው በየሁለት ዓመቱ ይቀየር ይላል። ያንን ቁልቁለት በየቀኑ ለሚወርድ ሰው በየዓመቱ፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ እንዲያደርገው እመክራለሁ። ሁለት ሰው ይፈልጋል። ልጄ ፔዳሉ ላይ ትቀመጣለች፣ እኔ ጎማው ዘንድ እተኛለሁ። “እርገጪ” እላታለሁ፣ “ረገጥኩ አባዬ” ስትል የአየር ማስወጫዋን ብሎን እከፍታለሁ፣ ዘይቱ በላስቲክ ቱቦ ወደ ጠርሙስ ይወርዳል፤ ብሎኑን ሳልዘጋ “ልቀቂ” አልላትም። ይህቺ ቅደም ተከተል ከተዛባች አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ከኋላ ቀኝ ተጀምሮ ኋላ ግራ፣ ፊት ቀኝ፣ ፊት ግራ ይኬዳል። በዚህች መኪና እያንዳንዱ ካሊፐር (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨብጠው ክፍል) ሁለት ማስወጫ ብሎኖች ስላሉት አንዱን ረስቶ ማለፍ ይቻላል፤ ስምንቱንም ይቁጠሩ። ማጠራቀሚያው በሥራው መካከል ባዶ እንዳይቀር፣ ዘይቱም ቀለም ላይ እንዳይፈስ ይጠንቀቁ፤ ከፈሰሰ ወዲያው በብዙ ውኃ ይጠቡ፣ ቀለም ይልጣልና። ተከፍቶ የከረመ ቆርቆሮ ውስጥ ያለ ዘይት እርጥበቱን ጠጥቶ የጨረሰ ስለሆነ በዋጋው ርካሽነት አይሳቡ። ዶት 5 የሚባለው ደግሞ ስሙ ቢቀራረብም በሲሊኮን የተሠራ ሌላ ነገር ነው፤ ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም።

ጎማ ሳይወልቅ ይህ ሁሉ አይሠራም፤ ስለዚህ ስለ ክሪክ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። የሱሉልታ ሜዳ መሬት ብዙው መረሬ ነው። በበጋ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ ዝናብ ሲነካው እንደ ቅቤ ይቀልጣል። ሲነሣ ጽኑ የመሰለው ክሪክ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዘሞ ሊወድቅ ይችላል። ለመኪና ሥራ የሚሆን ሲሚንቶ የፈሰሰበት ወለል ከሌለዎት መጀመሪያ እሱን ያስፈስሱ፤ ከየትኛውም መሣሪያ በፊት ይመጣል። በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥር ማንም ሰው አይግባ፤ የብረት ድጋፎቹ በፋብሪካው ምልክት ቦታ ላይ ቆመው ክብደቱን መሸከም አለባቸው።

የሞተር ዘይት መቀየር ከዚህ ሁሉ የቀለለ ነው። ከፊልትሮው ጋር ከ8 ሊትር በላይ ይይዛል፤ በተራ መኪና ልማድ አራት ሊትር ገዝተው እንዳይመጡ። የማፍሰሻው ብሎን በአዲስ የአሉሚኒየም ቀለበት ተደርጎ በ50 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ ነው) ይጠብቃል። እኔ የምጓጓው ግን ከዚያ በኋላ ላለው ሥራ ነው። ፊልትሮው በፕላስቲክ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ የወረቀት እጥፋት ስለሆነ አውጥተው እንደ መጽሐፍ ገልጠው ሊያነቡት ይችላሉ። ነጭ ጨርቅ ላይ ያንጥፉት፣ በፀሐይ ይዩት። ጥቂት ቡናማ የፕላስቲክ ቅንጣት ከሰንሰለቱ መሸከሚያ የተፋቀ ነው፤ ይከታተሉት። የሚያብረቀርቅ ነገር ካዩ ማግኔት ያስጠጉ። ማግኔቱ ካነሣው ብረት ነው፣ ብረት ከሆነ ደግሞ በዚህ ሞተር ላይ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የቫልቮቹን ሰንሰለቶች የሚያዞረው የመካከለኛው ዘንግ ኩሽኔታ ነው። ይህ ኩሽኔታ የዚህ ትውልድ ሞተር ታዋቂ ደካማ ጎን ነው። ከተበተነ ዘንጉ ቦታውን ይለቃል፣ ሰንሰለቶቹ ልክ ያጣሉ፣ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ሞተሩም በጥቂት ቅጽበት ያልቃል። ብረት ያዩ ዕለት ሞተሩን እንደገና አያስነሡ።

ኩሽኔታውን መቀየር ለግቢ የሚሆን ሥራ አይደለም። ማርሽ ቤቱ ይወርዳል፣ ፍሪሲዮኑ ይወልቃል፣ ቫልቮቹን የሚከፍቱት የካም ዘንጎች በልዩ መሣሪያ ይታሰራሉ። በሌላ በኩል ፍሪሲዮን መቀየሪያው በደረሰ ጊዜ ሁሉም ስለሚፈታ፣ አብሮ ማስቀየር ዋጋውን በእጅጉ ይቀንሳል። ወሰኑ መኪና በመኪና ይለያያል። ፌራሪ ኤፍ 355 ላይ የካም ቺንጋውን ለመቀየር ሞተሩ ራሱ ከመኪናው መውጣት አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ከመጡት የሎተስ ኤሊዝ መኪኖች ብዙዎቹ ደግሞ የቶዮታ ሞተር ስለተገጠመላቸው ቶዮታ የሚያውቅ ሰው ብዙውን ነገር ያውቅላቸዋል። መኪናው ብርቅ ስለሆነ ብቻ ሥራው ሁሉ ብርቅ ነው ብለው አያስቡ።

ስለ ማሻሻያ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ጉልበት ነው። ሞተሩ በፋብሪካው 300 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ተመዝግቧል። በእኛ ከፍታ አየሩ በአንድ አራተኛ ገደማ ስለሚሳሳ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱም ያንኑ ያህል ያጣል፤ 230 አካባቢ ይቀራል ማለት ነው። ትልቅ ድምፅ ያለው ማርሚታ ይህንን አይመልስም፤ የሚጨምረው ጥቂት ብቻ ነው፣ ጎረቤትንም ይረብሻል። በዘይት የሚነከረው የጥጥ አየር ፊልትሮም እዚህ አይመከርም። ደቃቅ አቧራን ከወረቀቱ ያነሰ ይይዛል፣ ዘይቱ ከበዛ ደግሞ የአየሩን መጠን የሚለካውን ስስ ሽቦ ይለውሰዋል። የእኛ አቧራ ለሞተር አሸዋ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ፊልትሮ ይሻላል፣ ከመመሪያውም ቶሎ ቶሎ ይቀየር። ቀድሞ የሚከፍት ባለ 71 ዲግሪ ቴርሞስታትም ይሸጣል። ክፉ አይደለም፣ ነገር ግን ክዳኑና ራዲያተሮቹ ሳይስተካከሉ እሱን መግጠም ትርጉም የለውም፤ በአመዳይ ማለዳም ሞተሩ እስኪሞቅ ያዘገያል።

መልክን በተመለከተ አንድ የምወደው ሥራ አለ። የፊት መብራቶቹ ሽፋን ፕላስቲክ ነው፤ በዚህ ከፍታ ደግሞ የፀሐይ ጨረር ስለሚበረታ ቶሎ ቢጫ ይሆናል። መብራቱ እንዳለ በመኪናዋ መሣሪያ መያዣ ውስጥ ባለው ቁልፍ ከዕቃ መጫኛው በኩል ተዙሮ ይወጣል። በ1000፣ በ2000፣ ከዚያም በ3000 ቁጥር የውኃ ብርጭቆ ወረቀት በየተራ እየረጠበ ይታሻል፣ በመጨረሻ በማንጸባረቂያ ይጠራል። ከጨረር የሚከላከል ሽፋን ካልተቀባበት ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሶ ይደፈርሳል።

ጎማ ነፊ ዘንድ ሲሄዱ ከመኪናዎ ወርደው አብረው ይቁሙ። ልማዱ አራቱንም እኩል መንፋት ነው፤ ይህች መኪና ግን ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ፊት 2.5 ባር፣ ኋላ 3.0 ባር ትፈልጋለች። ቸርኬዎቿ በዳዶ ሳይሆን በብሎን ስለሚታሰሩ፣ ብሎኖቹ መጀመሪያ በእጅ ተዙረው በመጨረሻ በ130 ኒውተን ሜትር ይጠብቁ። የጎማው ጥርስ አዲስ ቢመስልም በጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች ያንብቡ፤ 2318 ማለት እ.ኤ.አ. በ2018 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ብዙ የምትቆም መኪና ጎማዋ ሳያልቅ ያረጃል።

የሞተር ምልክት መብራት ሲበራ ርካሽ የኮድ ማንበቢያ ከመሪው በታች ሰክተው ራስዎ ያንብቡ። ፒ0300 ካለ ሞተሩ እሳት እየሳተ ነው፤ ካንዴላዎቹንና በላያቸው የተቀመጡትን ኮይሎች ይመርምሩ፤ ኮይሎቹ እያረጁ ሲሰነጠቁ እርጥበት ይገባቸዋል። ካንዴላ የሚፈታው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። አዲሱን በጣትዎ እያዞሩ ያስገቡት፣ በነጻነት ካልዞረ መልሰው ያውጡት፤ በአሉሚኒየም ላይ የተበላሸ ጥርስ ከስድስት ካንዴላ በላይ ያስከፍላል። ማጥበቂያው 30 ኒውተን ሜትር ነው። ኮዱን መሰረዝ ብልሽቱን አይጠግንም። የኤርባግ ሽቦዎችን ግን ከነማገናኛቸው አይንኩ።

መለዋወጫውን በሻንጣ ለሚያመጣልዎ ዘመድ ከመደወልዎ በፊት አንድ ነገር ይቀራል። 996 በተሠራበት ዘመን ክፍሎቹ በየዓመቱ ማለት ይቻላል ተለዋውጠዋል፤ የ3.4 ሊትሩና በኋላ የመጣው የ3.6 ሊትሩ ሞተርም ብዙ ነገር አይጋሩም። በሾፌሩ በኩል ከፊት መስታወቱ ሥር ተቀርጾ የሚታየውን 17 ፊደልና ቁጥር ፎቶ አንስተው ይላኩለት። ሻጩ በዚያ ቁጥር ትክክለኛውን ክፍል ያወጣል፤ “የፖርሽ ክዳን” ብቻ ብለው ከላኩት ግን ከሌላ ዓመት ሞዴል የወጣ፣ አፉ የማይገጥም ክዳን ይዞልዎ ቦሌ ይደርሳል።